የጠፋችው አስር ሴንቲሜትር

ሰኞ ጠዋት ሚሊ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ አንዴ ይችን አንዴ ያችን ታያለች። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ ከአንድ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ቤት ጣሪያ ሥር የተወሸቀች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ከእናቷ ጋር የምትኖርባት ናት። የመጀመሪያው ወረቀት ከወለል እስከ ኮርኒስ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት ነው ይላል። ሁለተኛው የለም፣ ሁለት ሜትር ከአርባ ስድስት ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ያለፈው ሦስት ሳምንት ነው። ሚሊ በአንድ ክረምት አስር ሴንቲሜትር የተመዘዘ ጎረምሳ አይታ ታውቃለች፤ ቤት ግን አይታ አታውቅም።

ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ የማያስቀው ደንቡ ነው። ሰው የሚተኛበት ክፍል ከፍታው ከሁለት ሜትር ከአርባ ካነሰ ለጤና አይበጅም ተብሎ ይታሸጋል፤ ነዋሪውም በሠላሳ ቀን ውስጥ ይለቃል። በመጀመሪያው ወረቀት መሠረት ልብስ ሰፊዋ ልቀቂ ተብላለች። ሌላ ሰው ቢሆን እየተራገመ ዕቃውን ይሸክፍ ነበር። እሷ ግን "የእናንተን ሜትር አላውቅም፣ የኔ የጨርቅ ሜትር አርባ ስድስት ነው የሚለው" ብላ በሚያምር እጅ ጽሕፈት ቅሬታ አስገባች። ቅሬታ የቀረበበት ቤት በሌላ ተቆጣጣሪ እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ወረቀት የመጣው እንደዚያ ነው።

ሚሊ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የከተማው የመኖሪያ ቤቶች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ ናት፤ አምስት ተቆጣጣሪዎች ከሥሯ ይሠራሉ። አንዲት ሚሊሜትር አላሳልፍም እያለች መከራ ስታሳያቸው አምስቱ መክረው ይህን ስም አወጡላት። እሷ ያልሰማች ትመስላለች። አንድ ቀን ግን የፈቃድ ቅጽ ላይ ሚሊ ብላ ልትፈርም ምንም አልቀራትም።

የመጀመሪያውን የለኩት ጋሼ ናቸው፤ ግራ ያጋባትም ይኸው ነው። ሌላ ቢሆን ጠርታ አፋጥጣ ትጠይቀው ነበር። ጋሼ ግን በዚያ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የቆዩ፣ ለጡረታ ሰባት ወር የቀራቸው፣ እሷንም ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ስድስት ዓመት አብረው ዞረዋል፤ እሳቸው መሰላል ላይ፣ እሷ ደብተር ይዛ ከሥር። ሹመቱ ለእሷ ሲሰጥ ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ሰው ፊት "አለቃ" ይሏታል፤ ኮሪደር ላይ ብቻዋን ሲያገኟት "ልጄ" ናት።

ጋሼ ሁለት ነገር አይወዱም፤ የሜትር ጫፍና ኮምፒውተር። የብረት ሜትር ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ትላላለች፣ ትጎብጣለች፣ ኋላም ትዋሻለች ይላሉ። ስለዚህ ያችን ቢጫ ሜትራቸውን ገና ድሮ አስር ቁጥሯ ላይ በብረት መቀስ ቆርጠዋታል። ሜትሯ የምትጀምረው ከአስር ነው፤ ከሚነበበው ላይ አስር ይቀነሳል፣ አለቀ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲሰጣቸው አመስግነው ይቀበሉና መሳቢያ ውስጥ ይቀብሩታል። ከኮምፒውተር ጋር ደግሞ ጭራሽ ዓይንና ናጫ ናቸው። ሌሎቹ ቅጻቸውን ራሳቸው ሲሞሉ የሳቸውን ሚሊ ናት ከደብተራቸው እየገለበጠች የምትሞላላቸው። አለቃ ለበታቿ ጸሐፊ ስትሆን አይተን አናውቅም እያሉ ሌሎቹ ያሽሟጥጧታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ለጋሼ ይህቺን ታህል ነገር ማድረግ ደስ ይላታል፤ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ወረቀት ያመጣችው አዲሷ ናት። ከተቀጠረች ዓመት አልፏታል፤ ከእሷ ወዲህ የተቀጠረ ስለሌለ ግን አዲሷ እንደተባለች ቀረች። የምትለካው በሌዘር ነው፤ መሣሪያዋን ወለል ላይ ታስቀምጣለች፣ ቀይ ነጥብ ኮርኒሱ ላይ ትወጣለች፣ ቁጥሩ ይመጣል። መሰላልም ጩኸትም የለም።

ማክሰኞ ሚሊ ሌዘሩን ተበድራ ራሷ ሄደች። አራቱን ፎቅ እንደ ልማዷ ደረጃውን እየቆጠረች፣ የእጅ መደገፊያውን እየነቀነቀች ወጣች። ሰው ቤት በእንግድነት ስትሄድም ይኸው ነው ሥራዋ፤ ዘመዶቿ እመጣለሁ ስትላቸው የተሰበረ ሶኬታቸውን በወንበር ይከልላሉ።

ክፍሏ ጠባብ ብትሆንም ሥርዓት ነበራት። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ አልጋው ግድግዳውን ታኳል፣ ገና ያልተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ አጠገብ ግማሽ የተሞላ ካርቶን አለ። የልብስ ሰፊዋ እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሚሊን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"አንቺ ሦስተኛ መሆንሽ ነው" አሉ። "ይህን ያህል ተለክተን ልብሱ መቼ ነው የሚደርስልን?"

ልጅቷ ኧረ እማዬ ብላ አንገቷን ደፋች። ሚሊ ሳቋ አመለጣት። ሌዘሩን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተጫነች፤ ሁለት ከአርባ ስድስት። ወደ ጥግ ሄደች፤ ሁለት ከአርባ ስድስት። ካርቶኑን ገፋ አድርጋ ሥሩን ሁሉ ለካች። ቤቱ እንኳን ሊያንስ አንዲት ሚሊም አልተነቃነቀም። አንዴ ልቀቁ ተብሎ የተጻፈን ትእዛዝ ግን ኃላፊም ብትሆን ብቻዋን አትሰርዘውም፤ ኮሚቴ ነው የሚሰርዘው። ኮሚቴው ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስህተቱ የማን እንደሆነ ነው። ይህንኑ ለልብስ ሰፊዋ አስረዳቻት። ልጅቷ መቀሷን እንደያዘች ሰማችና፣ ታዲያ እስከዚያ ካርቶኑን ልሙላው ወይስ ላውጣው ብላ ጠየቀች። ሚሊ የገፋችውን ካርቶን ወደ ቦታው መለሰች። ባለበት ይቆይ አለቻት፤ ደረጃውን ስትወርድ መቁጠሩንም ረሳችው።

ሮብ ጋሼን የሚረዱኝ ነገር አለ ብላ ይዛቸው ሄደች። እሳቸውም ሞኝ አይደሉም፤ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ገባቸው። መሰላላቸውን ዘረጉ፣ ወጡ፣ ቢጫዋን ሜትር ወደ ታች ለቀቁ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ወረዱና "ሁለት ከአርባ ስድስት" አሉ። ከዚያ ዞረው፣ "ባለፈው ስንት ነበር ያልነው?"

"ሠላሳ ስድስት።"

ጋሼ ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። መልሰው አወጡትና አዩት። ሠላሳ ስድስት ያልኩት እኔ ነኝ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሚሊ ቅጹ ላይ ያለው እንደዚያ ነው አለች። ለማስታወስ ሞከሩ፤ ምንም አልመጣላቸውም። በወር ሠላሳ ክፍል የሚለካ ሰው የአንዷን ቁጥር ባያስታውስ አይገርምም፤ ሌላ ቀን ቢሆን እሳቸውም ስቀው ያልፉት ነበር። ያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። የልብስ ሰፊዋ እናት ሳይጠየቁ ተነሥተው ውሃ ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ሚሊ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ጋሼ ቤቱን ከሚፈልግ ሰው ጋር ተሻርከው ይሆን የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ ሽው ብሎባት በራሷ አፈረች። ደግሞስ ተንኮል ቢሆን ኖሮ እሷ ፊት ትክክለኛውን ለምን ይናገሩታል? ሜትሯን ወስዳ ከሌዘሩ ጋር አስተያየቻት፤ ሜትሯ ደህና ናት። ዓይን ሐኪም ዘንድ ላከቻቸው፤ ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም ብሎ ሸኛቸው። ሜትሩ ደህና፣ ዓይኑ ደህና፣ ቤቱም ባለበት አለ፤ ታዲያ አስር ሴንቲሜትሯን ምን በላት?

ጋሼ ከለኳቸው ክፍሎች መካከል አስራ አምስት መርጣ ለአዲሷ ሰጠቻትና እንደገና ለኪያቸው አለቻት። አዲሷ በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ይዛ መጣች። አምና የተለኩት በሙሉ ልክ ናቸው። ከስምንት ወር ወዲህ የተለኩት በሙሉ አስር ሴንቲሜትር ይጎድላቸዋል። አንድ ዘጠኝ የለም፣ አንድ አስራ አንድ የለም፤ ሁሉም አስር ነው።

አዲሷ የምትለውን ለማለት ፈራ ተባ አለች። በመጨረሻ፣ "ሁለት ጊዜ እየቀነሱ ይሆናል" አለች። አንዴ ይቀንሳሉ፣ መቀነሳቸውን ይረሳሉ፣ እንደገና ይቀንሳሉ። ከስምንት ወር በፊት ምን ሆነ? ጺሙ ጡረታ ወጣ። ጺሙ ከሚሊ በኋላ አስራ አራት ዓመት የጋሼ የሥራ ጓደኛ የነበረ ዝምተኛ ሰው ነው። በሱ ቦታ የተተካ ስለሌለ ጋሼ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚዞሩት። ወሬው ቢሮው ውስጥ ሲሰማ ሁሉም አይ ጋሼ፣ ብቸኝነት ነው የጎዳቸው አሉ። ነገሩ ገጠመ። ሚሊ እንዲህ መግጠሙ ነው ያናደዳት፤ የምትከራከርበት ቀዳዳ አልተወላትም።

የባሰው ደግሞ ዝርዝሩ ነበር። በስምንቱ ወራት በጋሼ ልኬት ከደንቡ አንሰው የተገኙት፣ አስር ሴንቲሜትራቸው ቢመለስ ግን የሚያልፉት ክፍሎች አስራ አንድ ናቸው። ቅሬታ የጻፈችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። ሌሎቹ አስሩ አምነው ወጡ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩም። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሚሊን ጠበቋት። አጠገባቸው ስትቀመጥ ስለ ታላቅ ወንድማቸው አወሩላት። እስከ ዛሬ አንስተውላት አያውቁም ነበር።

"እሱም እንዲህ ነው የጀመረው" አሏት። "መጀመሪያ ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ይጨምር ነበር። ተሳሳቀን ዝም አልነው። ኋላ የገዛ በሩ ጠፋው።"

ሚሊ ስለ ድካም፣ ስለ ዕረፍት አንዳንድ ነገር ቀባጠረች። እሳቸው አልሰሟትም። በየማለዳው ከመውጣታቸው በፊት የመኝታ ቤታቸውን በር እየለኩ መጻፍ ከጀመሩ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። በየቀኑ አንድ ቁጥር ነው የሚመጣው።

"ልክ መምጣቱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ልጄ። ልክ ሲመጣም አላምነውም። የረሳሁትን ነገር መርሳቴን በምን አውቃለሁ?"

ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከሥራ ልሰናበት የሚል ነው፤ ለአስራ አንዱ ቤተሰብ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ በኃላፊዋ ላይ ነገር አይምጣ ይላል። ወረቀቱን ብቻውን አልሰጧትም፤ ቢጫዋን ሜትር በመሐረብ ጠቅልለው ከላዩ አድርገው ጭኗ ላይ አኖሩትና ተነሥተው ሄዱ። ሚሊ ማመልከቻውን ገልጣ አነበበች። ብትቀበል ሰውየውን እብድ ነህ ብላ ፈርማ መስጠቷ ነው። ባትቀበል ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ልትወጣ ነው፣ የሌሎቹ አስርም ጉዳይ ተዳፍኖ ሊቀር ነው። ሁለቱንም የምታድንበት ሦስተኛ መንገድ ፈልጋ አጣች።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሮብ ጠዋት ደወለ። ለነገው ስብሰባ ዋናው የመስክ ደብተር ይያያዝ፣ የደብተሩ፣ የቅጹና የሌዘሩ ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ይቅረብ አለ። ሚሊ ደብተሩን ማየት እስካሁን ትዝ አላላትም ነበር። የሞላ ደብተር መዝገብ ቤት ገብቶ ይቆለፍበታል፤ ደግሞስ በገዛ እጇ ገልብጣው የለ፤ ምን ልታገኝበት?

የመዝገብ ቤቷ ሴት ሁለት ደብተር ከነአቧራው አምጥታ አስፈርማት ሄደች። ሚሊ የልብስ ሰፊዋን ገጽ ገለጠች። በጋሼ ቀጥ ያለ የእርሳስ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አለ፤ 2.46።

መጀመሪያ ሌላ ገጽ የገለጠች መሰላት። አድራሻውን አየች፤ እሱው ነው። ኋላ የታረመ ይሆን ብላ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። የላጲስ ፋቅ የለበትም። ወደሚቀጥለው ሄደች፤ ደብተሩ አርባ ሦስት ይላል፣ ቅጹ ሠላሳ ሦስት። ወደሚቀጥለው፤ ደብተሩ አርባ ሁለት፣ ቅጹ ሠላሳ ሁለት። የደብተሩ ቁጥር ሁሉ ከአዲሷ ሌዘር ጋር አንድ ነው። ጋሼ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ኮምፒውተሩ ይሆን? ሰው ገብቶ ቀይሮት ይሆን? ማን፣ ለምን ብሎ? ነገር ዓለሙ ሁሉ ዞረባት።

እስኪገባኝ ሠንጠረዡን ልሙላ ብላ ብዕር አነሣች። በመጀመሪያው መስመር፣ የደብተሩ ቁጥር በሚለው ሥር፣ ደብተሩን እያየች ጻፈች። ቀና ብላ የጻፈችውን አየች።

2.36።

ደብተሩን አየች፤ አርባ ስድስት። የጻፈችውን አየች፤ ሠላሳ ስድስት። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ማንም አልገባም፣ ማንም አልቀየረውም። እጇ ራሷን ሳያማክር ቀንሶታል።

ሚሊ ክው አለች። ስድስቱ ዓመት ሙሉ መጣላት። ጋሼ ከመሰላሉ ላይ የሚያነቡትን ይጮሃሉ፤ ሳይቀንሱ ነው የሚጮሁት፤ መሰላል ላይ የቆመ ሰው ሒሳብ አይሠራም፣ ይወድቃል ብለው። ከሥር ያለው የሰማውን ደብተሩ ላይ እንዳለ ያሰፍራል። አስሯ የምትቀነሰው ቢሮ ተገብቶ ወደ ቅጽ ሲገለበጥ ነው፤ ቀናሹ ገልባጩ ነው። ስድስት ዓመት ገልባጯ እሷ ነበረች። ከተሾመች በኋላም ጺሙ የሰማውን እየጻፈ ደብተሩን ያመጣላታል፣ እሷ ቀንሳ ትገለብጣለች። ከጊዜ ብዛት መቀነሷን እንኳ ማወቅ ትታለች፤ በር ቆልፎ መቆለፉን እንደማያስታውስ ሰው ሆናለች። ጺሙ ሲወጣ ግን ጋሼ የሚጮሁለት ሰው አልነበራቸውም። ብቻውን የሆነ ሰው ለማን ይጮሃል? በልባቸው ቀንሰው፣ የተጣራውን ደብተራቸው ላይ አሰፈሩ። ይህ ለማንም የሚነገር ነገር ነው ብለው አላሰቡም። እሷም አልጠየቀቻቸውም።

አዲሷ ልክ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ተቀንሷል። ያልገባት ቀናሾቹ ሁለት መሆናቸው ነው።

ሚሊ ደብተሩን ብብቷ ሥር ከትታ ወጣች። እፍረቱ ጆሮዋን አቃጠላት። አስራ አንድ ቤት የዘጋችው በውለታዋ ነው፤ ያቺ ለጋሼ ብላ በደስታ የምትሠራት ትንሽ ሥራ ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው። በዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ያዘነችላቸው እሳቸውን ነበር።

ጋሼን ከግቢው ጀርባ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው። መሰላላቸውን ሊያስረክቡ ተሸክመው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት" አለቻቸው።

ልታጽናናቸው የመጣች መስሏቸው፣ ተይኝ ልጄ፣ ልመደው አሏት። እሷ ደብተሩን ገለጠችና አሳየቻቸው።

"ጺሙ ከወጣ ወዲህ ደብተር ላይ የሚጽፉት ያነበቡትን ነው ወይስ የቀነሱትን?"

"የቀነስኩትን ነዋ። ማን አለኝና?"

"እኔም ቀንሼዋለሁ" አለች ሚሊ። "ስምንት ወር ሙሉ።"

ጋሼ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ደብተሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ደብተሩን። ከዚያ የመሰላሉ የታችኛ እርከን ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚሊ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ መለየት አቃታት፤ እጃቸውን ሲያነሡ ሁለቱም ነበረበት።

"እንግዲያው ጨው አልደገምኩም።"

"አልደገሙም። የደገምኩት እኔ ነኝ።"

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጧት ደስ ባላት። እሳቸው ግን ፊታቸውን በእጀታቸው ጠረጉና፣ አስራ አንዱስ ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ነው ሚሊም ዕንባዋ የመጣው።

ሐሙስ ዕለት ለኮሚቴው ያቀረበችው ወረቀት አጭር ነበር። ስህተቱን የፈጸመው በሚለው መስመር ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች። የጋሼን የስንብት ማመልከቻ ማንም ሳያየው ቀድዳ ጣለችው። ኮሚቴው በእሷ ላይ የሚወስነውን በሌላ ቀን እወስናለሁ ብሎ ትእዛዞቹን ሰረዘ። ለልብስ ሰፊዋ ራሷ ሄዳ ነገረቻት። ልጅቷ ካርቶኑን ልታራግፍ ጎንበስ አለች፤ እናቲቱ ግን ሚሊን በዚህ ቢሯችሁ ሜትር አያያዝ የሚያውቅ ሰው የለም ወይ አሏት።

አርብ ጠዋት ጋሼና ሚሊ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን አድራሻ ይዘው ወጡ። መሰላሉን እሳቸው ተሸከሙ፣ ደብተሩን እሷ ያዘች። ቤቱ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ጫማ ሠሪ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖርበት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ማሸጊያ ወረቀት በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ከሥሩ የሚሊ ፊርማ በዝናብ ደብዝዟል። ሚሊ ጎረቤቶቹን ጠየቀች። አንዷ ወደ አክስቱ ሄደ መሰለኝ አለች፤ ሌላው የለም፣ ሚስቱን ከነልጆቹ ወደ ወላጆቿ ሰዶ እሱ ብቻውን ቀርቷል ሲባል ሰማሁ አለ። የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

ማሸጊያውን ቀድዳ በሩን ከፈተች። ክፍሉ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የአልጋ እግሮች አራት ጉድጓድ ትተዋል። ግድግዳው ላይ በልጅ እጅ የተጻፈ የትምህርት ፕሮግራም ተለጥፎ ቀርቷል፤ አርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው።

ጋሼ መሰላላቸውን ዘርግተው ወጡ። ሚሊ ቢጫዋን ሜትር ከመሐረቡ ፈትታ ሰጠቻቸውና የተቆረጠውን ጫፍ ወለሉ ላይ በጣቷ ተጭና ያዘችው። ከላይ ድምፃቸው መጣ።

"ሁለት ከሃምሳ ሁለት!"

ሌላ ቃል አልጨመሩም። የድሮውን ነው ያደረጉት፤ እሷን እየጠበቁ ነው። ሚሊ የሰማችውን እንዳለ ጻፈች። ከዚያ እጇን ሳይሆን ራሷን አምና፣ ቀስ ብላ ቀነሰች።

"ሁለት ከአርባ ሁለት" አለች።

ከደንቡ ሁለት ሴንቲሜትር ይበልጣል። ሰው ሊተኛበት የሚችል ክፍል ነው። ጋሼ ሜትሩን ሳይጠቀልሉ ባዶውን ወለል ከላይ ሲያዩ ቆዩ።

"የት ገቡ አሉሽ?" አሏት።

ሚሊ አያውቁም ብላ መለሰች። ከዚያ ደብተሩን መሰላሉ እግር ሥር አስቀምጣ፣ የጠየቀቻቸውን ጎረቤቶች እንደገና ልትጠይቅ ወጣች።